አረንጓዴ ኮሪደር ምንድን ነው?

የሰሜን ሸዋ ከተሞች ብዙዎቹ የተሰለፉት በአንድ መንገድ ላይ ነው። ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ይዘው አድገዋል። ደብረ ብርሃን ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ያለች ብትሆንም የዛሬ ቅርጿን የሰጣት መንገዱ ነው። መንገዱ እንጀራ ነው። ሆቴሉም፣ ጎሚስታውም፣ ቆሎ ሻጯም የሚኖሩት ከሚያልፈው መኪና ነው። ግን ያው መንገድ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከአስፋልቱ ወዲህ አንድ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሌላ ሰፈር።

አረንጓዴ ኮሪደር እንዲህ የተለያዩ ሰፈሮችን መልሶ ለማገናኘት ከሚሠሩ ነገሮች አንዱ ነው። ወንዝ፣ መንገድ ወይም ያረጀ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ የሚሄድ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቀ ረዥም መተላለፊያ ማለት ነው። ከመናፈሻ ይለያል። መናፈሻ ሄደው የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ኮሪደሩ ግን ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ለመድረስ የሚያልፉበት ነው።

እኛ አገር ቃሉ የተለመደው በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው የኮሪደር ልማት ነው፤ ከዚያም ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ። ሰው ኮሪደር ሲባል ቶሎ የሚታየው መብራት፣ ንጣፍና አበባ ነው። እኔ ግን በርዝመቱና በአበባው ብዛት መለካቱ አይዋጥልኝም። ዋናው ጥያቄ ከወዲህ ያለው ሰው ማዶ ላለው ምን ያህል ቀረበ የሚለው ነው።

መንገድ ጉርብትናን እንደሚያሳሳ ከተጠና ቆይቷል። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ዲዛይን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመኪናው ብዛት ብቻ የሚለያያቸው ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን መርጦ ነዋሪዎቹን አነጋገረ። በቀን 2,000 ገደማ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አንድ ነዋሪ በዚያው መንገድ ላይ በአማካይ 3 ጓደኞች ነበሩት። 16,000 ገደማ በሚያልፍበት ግን 0.9፣ አንድ እንኳን አይሞላም። በእኛ ቋንቋ ቡና መጠራራት ቀረ ማለት ነው። «ቡና ደርሷል በላቸው» ተብሎ የሚላክ ልጅ አስፋልቱን መሻገር ካለበት አይላክም። በሲኖትራክ መሃል ልጅ የሚልክ ማን አለ? እንዲህ እያለ እድሩም ለየብቻ ይሆናል።

የሴኡል ከተማን እንይ። ቾንግዬቾን የሚባለው ወንዝ በኮንክሪት ተደፍኖ በላዩ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ተሠርቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ተጀመረ፤ በ2005 ወንዙ ተገልጦ ለሕዝብ ተከፈተ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ውሃው ውበት ነው። እኔን የሚገርመኝ ድልድዩ ነው። በ5.8 ኪሎ ሜትር ላይ 22 ድልድዮች አሉት። በየ260 ሜትሩ አንድ መሻገሪያ እንደማለት ነው። ቦስተንም እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠናቀቀውንና ኖርዝ ኤንድ የተባለውን ሰፈር ከመሃል ከተማው የቆረጠውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና በዋሻ መንገድ ተክታ፣ በቦታው እ.ኤ.አ. በ2008 የእግረኛ አረንጓዴ ስፍራ ከፍታለች። የተገላቢጦሹን ለማየት አዲስ አበባ ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሰው አመላለሰ፤ ነገር ግን በምድር ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች አጥሩ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፈሮችን አራራቀ።

አሁን አንድ መሻገሪያ ጠጋ ብለን እንይ። አስፋልቱ 14 ሜትር ይሰፋል እንበል። ዘንቢል የያዙ እናት ከገበያ ሲመለሱ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢራመዱ ለመሻገር 14 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያ ጊዜ 230 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ እናታችን እግራቸውን ሲያነሱ መኪናው ገና ሩቅ ነው፤ ምናልባትም አይታይም። ፍጥነቱ ወደ 30 ቢወርድ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። መሃል ላይ ቆም የሚሉበት ደሴት ቢኖር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሻገሩት 7 ሜትር ብቻ ነው፤ የሚያዩትም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ዜብራውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ መሥራት ሾፌሩን ያለ ፖሊስ ያዘገየዋል። ቀለም ብቻውን ግን ማንንም አያቆምም፤ ክረምት ሲገባ እሱም ይለቃል።

ሌላው መሰናክል ቦዩ ነው። በየከተማው ከአስፋልቱ ዳር ክፍት የጎርፍ ቦይ አለ። ሰው እንጨት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣል አድርጎ ያልፋል። ለጎረምሳ ምንም አይደለም። ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ግድግዳ ማለት ነው። በደንብ የተከደነ ቦይ ከአሥር የአበባ ሣጥን ይበልጣል። ጋሪና የጭነት አህያም መታሰብ አለባቸው። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ከፍ አድርገው ሲሠሩት መውጫ ያጣ ጋሪ አስፋልቱ ላይ ከመኪና ጋር ይጋፋል።

ዛፉስ? እዚህ ላይ ከሌላ ከተማ መቅዳት አያዋጣም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ሰው የሚፈልገው ፀሐይ ነው፣ ከነፋስም መከለያ። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ደጋውን ያውቁታል፤ ለቆላ የተመረጠ ችግኝ ግን ጥቅምትን ሳይሻገር ሊቃጠል ይችላል። በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጥላ የሌለው የእግረኛ መንገድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማን ይሄድበታል? በደጋ በነፋሱ በኩል፣ በቆላ መራመጃው ላይ፤ የዛፉ ቦታ ራሱ ይለያያል።

ወንዞቹም አሉ። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ዳርቻው ቢጸዳ፣ መራመጃና የእግረኛ ድልድይ ቢበጅለት የከተማው ጓሮ መሆኑ ቀርቶ ደጃፍ ይሆናል። ችግሩ መሬቱ ሲያምር ዋጋውም መውጣቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለኮሪደር ተብሎ ብዙ ሰው ከኖረበት ተነሥቷል። ጎረቤቱን አንሥቶ ሰፈር አገናኘሁ ማለት ለእኔ አይገባኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ አስፋልት የከተሞቹ አይደለም፤ የፌዴራል መንገድ ነው። ደሴ የሚደርስ ጭነት የሚያልፍበትን መስመር ለማጥበብ፣ ደሴት ለመሥራት፣ ዜብራ ከፍ ለማድረግ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጋር መነጋገር የግድ ነው። ከባድ መኪናውን በከተማ ዳር የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ ይሠራ ከተባለ ደግሞ ጎሚስታውና ቆሎ ሻጯ ገበያችን የት ሊሄድ ነው ማለታቸው አይቀርም። እነሱን ሳያነጋግሩ ካርታ መሣል አያዛልቅም።