የመሐል አዲስ አበባ አጥቢያ፦ ለምን ቆመ፣ እንዴት ይኖራል

አጥቢያ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የታችኛው እርከን ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በውስጡ የሚያገለግሉት ካህናትና በዙሪያው የሚኖሩት ምእመናን አንድ ላይ አጥቢያ ይባላሉ። ከበላዩ ሀገረ ስብከት አለ፣ ከዚያም መንበረ ፓትርያርክ። ተራው ምእመን ግን እዚያ ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ እምብዛም የለውም። ወንድ ልጁን በ40 ቀን፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሣው በአጥቢያው ነው። ቁርባኑም፣ ተክሊሉም፣ ፍትሐቱም እዚያው ነው።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የበዓታ ለማርያምንና የቅድስት ሥላሴን ደጅ በአንድ ጠዋት ይሳለማል። ሦስቱም ከነገሥታት ታሪክ ጋር የተያያዙ ናቸው። በበዓታ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ አርፈዋል። በሥላሴ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን። ጎብኚ ሲመጣ ስለ ሕንፃውና ስለ መቃብሩ ይጠይቃል፤ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። እዚህ የሚተረከው ግን ስለ ሰዉ ነው።

የአጥቢያ የመጀመሪያ ሥራ ቅዳሴ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ሕዝቡም ቆሞ የሚያይ አይደለም። የካህኑና የዲያቆኑ ድርሻ እንደተጻፈ ሁሉ «ይበል ሕዝብ» ተብሎ የምእመኑም ድርሻ በመጽሐፉ ተጽፏል። ተሰጥኦውን፣ ማለትም ይህን የሕዝቡን መልስ፣ የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት አጥቢያ ቅዳሴው ያስታውቃል። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ልጆችን ከሁሉ አስቀድሞ ተሰጥኦ ማስተማር ተገቢ ነው እላለሁ። መዝሙሩ በኋላ ይደርሳል።

የአጥቢያው ሌላው ሥራ በደንብ መልክ የተጻፈው በ1965 ዓ.ም. ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ሰበካ ጉባኤም በእሱ ተቋቋመ። የጉባኤው ዓላማ ወንጌልን ማስፋፋት፣ ካህናቱን ማደራጀትና ኑሯቸውን ማሻሻል፣ ምእመናንን በሃይማኖት ማጽናት፣ ቤተ ክርስቲያንንም ራሷን ማስቻል ነው። አባላቱ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመረጣሉ።

ደንቡ የወጣው ልክ በሰዓቱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ስትተዳደርበት የኖረችው መሬትና ኪራይ ባንድ ዓመት ከእጇ ወጣ። የካህኑ ደመወዝ፣ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ የጣሪያው እድሳት ሁሉ በምእመኑ መዋጮ ላይ ወደቀ። አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ ገደላቸው። እሳቸው ያቆሙት ሰበካ ጉባኤ ግን ያንን ክፉ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗን ደግፎ አሻገረ። ዛሬም በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ትርጉሙ ይኸው ነው። ለዚህም ነው የአጥቢያ ሒሳብ በዓመቱ በሕዝብ ፊት በግልጽ ሊነበብ የሚገባው። ጡረተኛዋ እናት ከጉሮሯ ቀንሳ የሰጠችው ብር ነውና የት እንደዋለ የማወቅ መብት አላት።

አጥቢያ በደንብ ብቻ ሲተዳደር ግን ቀዝቃዛ ይሆናል። ሙቀቱ ያለው ሰንበቴ ላይ፣ ምእመናን እሑድ በተራ እያቀረቡ አብረው በሚቀምሱበት ማኅበር ነው። እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ባለተራዋ ድፎዋን በመሶብ፣ ጠላዋን በጀሪካን ይዛ ሰንበቴ ቤት ቀድማ ደርሳለች። ቄሱ አባታችን ሆይ ብለው ይባርካሉ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ንፍሮው ይታደላል። ሙሴ የሚባለው የሰንበቴው ኃላፊ የቀረውን ሰው በስም ይጠራል፦ «እትዬ ዛሬ የሉም እንዴ? አሟቸው ይሆን?» አንዱ ያውቃል፣ ካላወቀም ሄዶ ይጠይቃል። በር ላይ ያለው ነዳይም ድርሻው ይወጣለታል። ከቁርሱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይበልጣል። መሐል ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ሁለት ሰንበት ቢጠፋ የሚፈልገው ሰው አለው ማለት ነው። የጽዋ ማኅበሩም ያው ነው፤ ልዩነቱ በየወሩ በቅዱሱ ቀን ከቤት ወደ ቤት መዞሩ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም ጠበል ጸዲቁ ይቀመሳል፣ ጽዋውም ለተረኛው ይተላለፋል። የተጣላ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋ ባያነሣ አባላቱ ደስ ይላቸዋል፤ ማስታረቁም እዚያው ይጀመራል።

የንስሐ አባትም አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ካህን ይይዛል። ንስሐ ይቀበላሉ፣ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ መሐል ይገባሉ። አሁን አሁን ብዙው በስልክ ሆኗል፤ ቢሆንም ከመቅረት ይሻላል።

መሐል አዲስ አበባ ላይ የአጥቢያ ሕይወት ከሀገር ነገር ተለይቶ አያውቅም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ዓድዋ ዘምቷል። ድሉም የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። አሁን ያለው ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ ተሠራ። ፋሺስት ጣልያን በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማው ላይ ጭፍጨፋ ሲያወርድ ቤተ ክርስቲያኑንም አቃጠለው፤ ከነፃነት በኋላ ታደሰ። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉ ጳጳስ ናቸው። የአጥቢያው ልጅ እውነትን ስለመያዝ ሲማር በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ላይ የቆመ አብነት አለው።

የወጣቶቹን ሥራ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ይምጣ። ቀዩን ምንጣፍ ከታቦቱ ፊት ያነጥፋሉ፣ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ ተሸክመው ሮጠው እንደገና ፊት ይደርሳሉ። መንገዱ እስኪያልቅ እንዲህ ነው። ማንም አይከፍላቸውም። አስፋልቱን ቀድመው የጠረጉትም እነሱ ናቸው።

ዛሬ የመሐል ከተማ አጥቢያዎች ትልቁ ፈተና ሰዉ ከሰፈሩ መሄዱ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአራት ኪሎ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ባንዴ ወደ ከተማው ዳር ተነሣ። ቤተ ክርስቲያኑ ቦታው ላይ አለ፤ ጎረቤቱ የለም። ብዙዎች አሁንም እሑድ በሌሊት ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮ አጥቢያቸው ይመጣሉ። ጉልበት የከዳቸው ግን መምጣት አይችሉም። ሰንበቴው አባል እያነሰው፣ ተራው ቶሎ ቶሎ እየደረሰ የሚቸገር ማኅበር አለ። እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤው ቀድሞ መንቃት ነበረበት። የሄዱትን መዝግቦ፣ ስልካቸውን ይዞ፣ ለአዲሱ አጥቢያቸው አደራ ማለት ይቻላል። አዲስ የመጣውንም ተከራይ በሩ ድረስ ሄዶ «የት ትሳለማለህ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም።

አዲስ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። በግቢው ያለው የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል፣ ወርኃዊውን በአቅሙ ይከፍላል። የንስሐ አባት ከሌለው እዚያው ካህን ያገናኙታል። ልጆቹን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስመዘግባል። ሰንበቴ ለመግባት ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሴውን ማነጋገር ይበቃል፤ ሰው የጎደለው ሰንበቴ ከሆነ ተራው በቅርቡ ይደርሰዋል።