የሊቃውንት ማኅበራት ሜዳሊያና አንኮበር

የሳይንስ ማኅበራት ሜዳሊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሽልማት ነው፤ ለሠራ ሰው ይሰጣል። ሌላው መታሰቢያ ነው። አንድ ማኅበር 50ኛ ወይም 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ብዙ ጊዜ በነሐስ ያስመታና ለእህት ማኅበራት ይልካል። እነሱም በዓላቸው ሲደርስ ብድር ይመልሳሉ። አንዳንዴ ሁለቱ ይደባለቃሉ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሊኔ ማኅበር በ1908 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዳርዊንና የዋላስ የዝግመተ ለውጥ ጽሑፍ በጉባኤው የተነበበበትን 50ኛ ዓመት በሜዳሊያ ሲያስብ፣ ወርቁን ለዋላስ ብቻ ሰጠ። ሌሎቹ ስድስት ተሸላሚዎች ብር ደረሳቸው።

ከዚህ ወግ አንዱ ክር ሰሜን ሸዋ ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ ነበረች። እንግሊዛዊው አሳሽ ቻርልስ ቢክ በ1841 እዚያ ነበር። ከዚያ ወደ ጎጃም ተሻገረ። ከ70 በላይ ቦታዎችን ኬክሮስ ለካ፣ የ14 ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት ሰበሰበ። ለዚህም የለንደን ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1845 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበርም እንዲሁ።

የፓሪሱ ሜዳሊያ ግን አልበረከተም። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ ከፋ ድረስ ዘልቄያለሁ ሲል ቢክ በአደባባይ ተከራከረው፤ አልደረሰም ባይ ነበር። በዚሁ ጠብ የተነሣ ሜዳሊያውን ለፓሪስ መለሰው። የፓሪሱ ማኅበር በበኩሉ በ1850 ዳባዲንና ወንድሙን ሸለመ። ሜዳሊያ የወዳጅነት ምልክት ነው ይባላል እንጂ፣ እዚህ ላይ ወገን የመምረጫም መሣሪያ ሆኗል።

ለሸዋ ሰው እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ የራሱ ሽልማት ነበረው፤ ጀግና በካባ፣ በጋሻና በብር ቢተዋ (የክንድ አምባር) ይከበር ነበር። ልዩነቱ፣ ቢተዋ የሚሰጠው ንጉሥ ነው፣ ሜዳሊያውን ግን የምሁራን ጉባኤ መክሮ ነው የሚሰጠው። መንገዱን ያሳዩት፣ ያስተረጎሙትና ያስተናገዱት ሰዎች ከሜዳሊያው ምንም አልደረሳቸውም፤ ይሄ ያስቆጫል።

የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የመረጠው መንገድ ይለያል። በ1867 የተመሠረተው ይህ ማኅበር ሜዳሊያ ከመላክ ሰው ላከ። በኦራሲዮ አንቲኖሪ የሚመራው ቡድን በ1876 ሸዋ ሲገባ ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለ ቦታ ለጥናት ጣቢያ መሬት ሰጡት። ጣቢያው ወፍና ሌሎች እንስሳትን ይሰበስብ ነበር፤ ስብስቡም ጄኖቫ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄዷል። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ።