«ማንኛውም ወጪ» ሲባል የጠበቃም ይጨምራል?

በግንባታ ውል ውስጥ «ጥፋተኛው ወገን ማንኛውንም ወጪ ይሸፍናል» የሚል አንቀጽ ያየ ሰው፣ የጠበቃ ክፍያዬም እዚያ ውስጥ አለ ብሎ እፎይ ይላል። ቀስ ይበል።

በእንግሊዝ የተረታው ወገን በመርህ ደረጃ የረቺውን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። ሙሉውን ግን እምብዛም አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ ሕግ ወይም ውል ካላዘዘ በቀር ሁሉም የየራሱን ይችላል። እዚያ እንግዲህ የውሉ ቃል ወሳኝ ነው።

ጣጣው ያለው የካሳ አንቀጹ ላይ ነው፤ ማለትም አንዱ ወገን የሌላውን ጉዳትና ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድደው፣ ከላይ ያየነው ዓይነት አንቀጽ። ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሦስተኛ ወገን ክስ ታስቦ ነው። ለምሳሌ በቁፋሮው ግድግዳው የተሰነጠቀበት ጎረቤት አሠሪውን ቢከስ፣ ተቋራጩ ወጪውን እንዲሸፍን። አሠሪውና ተቋራጩ እርስ በርስ ሲካሰሱስ? የኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች፣ ቃሉ ይህን በማያሻማ ሁኔታ ካላለ፣ የጠበቃ ወጪ አይፈቅዱም። ስለዚህ «ወጪ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን፣ «በተዋዋዮቹ መካከል በሚነሳ ክርክር የሚወጣ የጠበቃ ክፍያን ጨምሮ» ብሎ መጻፍ ነው የሚያዋጣው። ቃሉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

በነገራችን ላይ፣ ሥራው በመጓተቱ የጨመረ የሳይት ወጪ የጠበቃ ወጪ አይደለም። የሚጠየቀው በሌላ አንቀጽ ነው። ደረሰኞቹን ለየብቻ ያዙ።