«ሜዳ ላይ የተባለ ሜዳ ላይ ይቅር»፦ ስለ ክሪኬት ለከፋና ዘረኝነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክሪኬት ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ባዶ ቦታ ባገኙበት ሁሉ ይጫወቱታል። ቴስት የሚባለው ጨዋታ እስከ 5 ቀን ይቆያል። መቺው ኳሱን ሲጠብቅ ተጋጣሚዎቹ በቅርብ ርቀት ቆመው በነገር ይወጉታል። ይህ ለከፋ ስሌጂንግ ይባላል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ያነጋገረው ጠብ የተነሳው በጥር 2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲድኒ ላይ ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ሲሞንድስ በሕንዱ ሃርባጃን ሲንግ «ዝንጀሮ» ተብሏል የሚል ክስ ቀረበ። ሲሞንድስ በርሚንግሃም ተወልዶ በማደጎ ያደገ ሲሆን ከወላጆቹ አንዱ የካሪቢያን ዝርያ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የደጋፊ ስሜት ነው።

«ለከፋ ያው ለከፋ ነው፤ ዘረኝነት የሚባል ነገር የለውም»

አይደለም። «ዛሬ እጅህ ተንቀጠቀጠ» ብሎ ሙድ መያዝና በቆዳ ቀለም መሳደብ በደንቡም የተለያዩ ናቸው። በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት፣ በአይሲሲ ሕግ፣ ተራ ስድብ በገንዘብ ሊታለፍ ይችላል። በዘር መስደብ ግን ከጨዋታ ያሳግዳል። ሃርባጃን መጀመሪያ 3 ቴስት የታገደው ለዚህ ነበር።

«የጀመረው ሲሞንድስ ስለሆነ የእጁን አገኘ»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሃርባጃን የአውስትራሊያውን ብሬት ሊን በዱላው ቀስ አድርጎ ሲነካው ሲሞንድስ አልወደደውም፤ ሄዶ ተናገረው። ይህን ራሱ አምኗል። ይግባኙን የሰሙት የኒውዚላንድ ዳኛ ጆን ሃንሰንም ወቅሰውታል። ግን ነገር የፈለገ ሰው በዘሩ ይሰደብ የሚል ሕግ የለም። እኔ ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል። ጠብ የጀመረ ሰው ለጀመረው ጠብ ይጠየቅ። ቆዳውን ምን አመጣው?

«ሕንዶች ራሳቸው ጠይም ናቸው፤ እንዴት ዘረኛ ይሆናሉ?»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ከሲድኒው ጠብ 3 ወር ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2007፣ አውስትራሊያ ሕንድ ውስጥ ስትጫወት በቫዶዳራና በሙምባይ ተመልካቾች ሲሞንድስ ላይ የዝንጀሮ ድምፅ አሰምተዋል። ሙምባይ ላይ እንደ ዝንጀሮ እየሆኑ ሲያሽሟጥጡ ፎቶ የተነሱም ነበሩ። «ዝንጀሮ እኮ እኛ ዘንድ ይመለካል፣ ሃኑማን አምላክ ነው» ብለው የተከራከሩም አልጠፉም። እዚያ ስታዲየም ውስጥ ሲሞንድስን ያመለከው ግን አልነበረም። እኛም አገር የሌላውን ጥቁረት አይቶ «ባሪያ» የሚል ሰው አለ። የራሱ ጥቁረት ከዘረኝነት አላዳነውም።

አውስትራሊያኖችም ንጹሕ አልነበሩም። በ2003 ዳረን ሌማን በስሪላንካ ተጫዋቾች ላይ የዘር ስድብ ጮኾ 5 የአንድ ቀን ጨዋታ ታግዷል።

«ሃርባጃን ነጻ ወጣ» ወይም «ገንዘብ አስፈታው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል።

ይግባኙ አደላይድ ውስጥ በጥር 2008 መጨረሻ ተሰማ። የሃርባጃን ወገን የተባለው በሂንዲ እናትን የሚሰድብ ቃል ነው፤ ድምፁ ለእንግሊዝኛው «መንኪ» (ዝንጀሮ) ይቀርባል አለ። አብሮት ይመታ የነበረው የቡድን ጓደኛው ሳቺን ቴንዱልካርም ለእሱ መሰከረ። ዳኛ ሃንሰን የዘር ስድቡ በማስረጃ አልተረጋገጠም አሉ። ተራ ስድቡን ግን ሃርባጃን ራሱ አመነና ከጨዋታው ክፍያ ግማሹን ተቀጣ። ስለዚህ «ምንም አላጠፋም» ማለት ስሕተት ነው። «ዘረኛ መሆኑ ተረጋግጧል» ማለትም ስሕተት ነው።

ጫናው ግን ነበር። ሕንድ የአውስትራሊያ ጉዞዋን አቋርጣ እንደምትመለስ ስታስፈራራ ሰንብታለች። በሲድኒው ጨዋታ የተሳሳቱት የሜዳ ዳኛ ስቲቭ በክነርም ከቀጣዩ ጨዋታ ተነሱ። ሲሞንድስ 30 ነጥብ ላይ እያለ መውጣት ሲገባው አሳልፈውት እስከ 162 ነጥብ ሄዷልና የሕንዶች ንዴት ከዚያም ጭምር የመጣ ነው። አይሲሲ ደግሞ የሃርባጃንን የቀድሞ ጥፋቶች ሁሉ ለዳኛ ሃንሰን አላቀረበላቸውም ነበር። ቢያውቁ ቅጣቱ ሊከብድ ይችል እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። በእኔ እምነት እውነተኛው ቅሌት ይህ ነው። ሁለት ቡድኖች ለክብራቸው ሲሟገቱ ሥራውን በአግባቡ መሥራት የነበረበት ተቋም ዝርክርክ ሆነ።

«በራሱ ቋንቋ ስለተናገረ ማንንም አልሰደበም»

በጥር 2019 ደርባን ላይ የፓኪስታን አምበል ሳርፍራዝ አህመድ ስለ ደቡብ አፍሪካዊው አንዲሌ ፌሉክዋዮ ጥቁረት በኡርዱ ተናገረ። ዊኬቱ ላይ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ በተተከሉት እንጨቶች ላይ ያለው ማይክ ያዘው። ሳርፍራዝ ይቅርታ ጠየቀ፣ አራት ጨዋታም ታገደ። ተሰዳቢው ቋንቋውን አለማወቁ ስድቡን አላቀለለውም።

«ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ይረሳል»

ሲሞንድስ አልረሳም። ከዚያ በኋላ መጠጥ እንዳበዛና ሕይወቱ ቁልቁል እንደሄደ ራሱ ተናግሯል። በ2009 አውስትራሊያ ኮንትራቱን አቋረጠችው። በ2011 እሱና ሃርባጃን ለሕንዱ ክለብ ሙምባይ ኢንዲያንስ አብረው ተጫወቱ። ሃርባጃን እያለቀሰ ይቅርታ እንደጠየቀው ሲሞንድስ ከዓመታት በኋላ ተናገረ። ሃርባጃን ግን አስተባበለ። ሲሞንድስ በግንቦት 2022 በመኪና አደጋ ሞተ።

«ያ ሁሉ የድሮ ነገር ነው»

በጥር 2021፣ እዚያው ሲድኒ፣ የሕንዱ ሞሐመድ ሲራጅ ከተመልካች ስድብ ደረሰብኝ ብሎ ጨዋታው ቆመ። ስድስት ሰዎች ከሜዳ ተባረሩ። የአውስትራሊያ ክሪኬት ባደረገው ምርመራ ሕንዶቹ በዘራቸው መሰደባቸውን አረጋገጠ። የተባረሩት ስድስቱ ግን ተሳዳቢዎቹ አልነበሩም።