የተማሪ ተከፋይ የሥራ ልምምድ ምንድን ነው?

ክረምት ሲቃረብ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈርም ሳቢያን ሰፈርም በሱቅ መስኮት ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት መለጠፍ ይጀምራል፤ «ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኢንተርንሺፕ ዕድል»። ጠጋ ብለው ሲያነቡት ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሱቅ መጠበቅ፣ ካርቶን ማውረድና ደንበኛ ማስተናገድ ነው። ክፍያው ደግሞ «የሥራ ልምድ»። እንዲህ ያለ ተማሪ ያለ ደመወዝ የተቀጠረ የሱቅ ሠራተኛ ነው፤ ስሙን «ኢንተርን» ብለው ስለጠሩት የሚለወጥ ነገር የለም።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። ልምድ ከለመዱ በኋላ የሚገኝ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ዘንድ ይቀመጣል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይከፈልም። ልምምድ ግን ገና እየለመዱ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ የሚያሳይ ሰው፣ የሚደጋገም ተግባርና ስሕተት የሚያርም ዓይን ይፈልጋል። አሠሪ ልምምድ መስጠት ይችላል። ልምዱን የሚያወጣው ግን ልጁ ራሱ ነው፤ ስለዚህ «በልምድ እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው ልጁ በላቡ የሚያገኘውን መልሶ ለልጁ ደመወዝ እያደረገው ነው።

ዘመዶቹንም መለየት ይጠቅማል። የሕክምና ተማሪ «ኢንተርን» ሆነ ሲባል የትምህርቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ «አፓረንት ወጣሁ» ሲል የትብብር ሥልጠናው አካል ነው፤ የሚልከውም የሚመዝነውም ኮሌጁ ነው። «የሙከራ ጊዜ» ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። እሱ የተቀጠረ ሠራተኛ ለቦታው ተስማሚ መሆኑ የሚታይበት፣ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን የማያልፍ ጊዜ ሲሆን ደመወዝም ይከፈልበታል። እዚህ የምናወራው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ እሚኖርበት ከተማ ውስጥ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ በተጻፈ ዕቅድና ስሙ በታወቀ ተቆጣጣሪ ሥር፣ እየተከፈለው ስለሚሠራው ሥራ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፤ «ተው አቦ፣ ተማሪ ደሞዝ ምን ያደርግለታል? ወላጁ ቤት ይበላል። እንዲያውም ሥራ ስላሳየነው እሱ ሊከፍለን ይገባ ነበር» ይላል። የክርክሩ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሚሠራው ይልቅ የሚጠይቀው ይበዛል። የተቆጣጣሪውን ጊዜ ይወስዳል፣ የሞላው ቅጽ ተሰርዞ ይሞላል፣ የቆጠረው ዕቃ እንደገና ይቆጠራል።

ግን እስቲ ምጣዱን እናስብ። ምጣድ ሲሟሽ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን አታወጣም፣ ዳር ዳሯ ይይዛል፣ መሶብ ውስጥም አትገባም። ቢሆንም ሊጡ ያው የጤፍ ሊጥ ነው፣ እሳቱም ያው እሳት ነው፣ ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘርም ዋጋ አለው። ጋጋሪዋ «ይህቺ ማሟሻ ናትና ሊጡን በነፃ ስጡኝ» አትልም፤ ከመጀመሪያው በሂሳቧ ውስጥ ታስገባታለች። የተማሪም የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲሁ ናቸው። አሠሪው ያንን ወጪ አስቀድሞ ይቁጠረው፤ ልጁ ግን ሊጡን አቅርቧል፤ ጊዜውንና ጉልበቱን። ምሳሌው ሌላም ያስተምራል። ማሟሻ አንድ ወይም ሁለት ናት። በስድስተኛው ሳምንትም ልጁ ያው ጀማሪ ከሆነ ጥፋቱ የሊጡ ሳይሆን የእሳቱ ነው፤ ማንም አላስተማረውም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲያመላልስ የዋለ ልጅም ጋገረ አይባልም፤ ሻይ ሲያመጣና ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳ የከረመ ተማሪ «የሒሳብ ክፍል ተለማማጅ» ነበር ተብሎ ሊጻፍለት አይገባም። ምሳሌው የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ምጣድ ዕድሜና ወላጅ የለውም፣ ሕግም አይጠብቀውም። ተማሪው ይህ ሁሉ አለው።

«ወላጁ ቤት ይበላል» ለሚለውም መልስ አለ። ክረምቱን ቀፊራ ገበያ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት የምትሸጥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነፃ ልምምድ ስትገባ የምታጣው ገቢ አለ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የባጃጅ ሒሳብም ትጨምራለች። ስለዚህ ነፃ ልምምድ የሚገቡት ቤታቸው ያለ እነሱ ገቢ የሚዘልቅ ልጆች ብቻ ናቸው። የቀረችው ልጅ መለማመድ ሲገባት መለማመጥ ይተርፋታል። ክፍያው ሌላም ሥራ ይሠራል። የሚከፍል አሠሪ የልጁን ሰዓት ያስባል፤ ነፃ የሆነ ጉልበት ግን የትም ይውላል።

በዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ የሆነባቸውን ነገሮች ላስቀምጥ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ 15 ሞልቶታል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከክፍል ካርዱ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱ ይታይ። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀንና የሕዝብ በዓል ሥራ አይታዘዝም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ያ የሱቅ ማስታወቂያ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሲል 11 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ምሳ ቢቀነስ እንኳ 10። የሥራ ዓይነትም ተለይቷል። የመንገደኛና የጭነት ትራንስፖርት፣ በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋት፣ ከትራንስፎርመርና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ሥራ፣ የማዕድንና የካባ ቁፋሮ ለወጣት ሠራተኛ የተከለከሉ ናቸው። የሚኒባስ ረዳትነት «የደንበኛ አገልግሎት ልምምድ» ተብሎ ሊቀርብ አይችልም።

ተለማማጅን በተመለከተ አዋጁ አሠሪው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የተሟላና ተከታታይ ሥልጠና ሊሰጥ የሚስማማበት ውል ነው የሚለው። ውሉ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው የሥራ ጉዳይ አካል መረጋገጥ አለበት። በውሉ ውስጥ እንዲካተቱ ከሚያዝዛቸው ነገሮች አንዱ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። አስተያየት ሰጪው ወዳጃችን ይህን አንቀጽ ቢያነብ ክርክሩ ባጠረ። አሠሪው ተለማማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ እንዳያሰማራውም ይከለክላል፤ ሻዩም ፎቶ ኮፒውም እዚህ ይገባሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ አዋጁ ከተለማማጅ ውል ውጭ ያሉትን የማስተማርና የማሠልጠን ውሎች አይሸፍንም። ድርጅቶች «ይህ ሥልጠና ነው» እያሉ የሚያመልጡት በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ወላጅ ውሉ ላይ የሥራውን ዓይነት፣ ሰዓቱንና ክፍያውን ሳያይ አይፈርም። ሁለተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሚተዳደር እዚያ የሚገባ ተማሪ የሚጠበቀው በትምህርት ቤቱና በመሥሪያ ቤቱ መካከል በሚጻፈው ስምምነት ነው።

ስለ ገንዘቡ። ለግል ድርጅት ወጥ የሆነ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ስለሌለ ስምምነቱ በሰዓት ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ሳምንት ቢሠራ 200 ሰዓት ነው። በሰዓት 30 ብር ቢታሰብ 6000 ብር፣ በወር 3000 ይሆናል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወር እስከ 2000 ብር ያለ ደመወዝ የሥራ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው 1000 ብር 15 በመቶ ስለሚቆረጥበት ግብሩ 150 ብር ነው። «ምሳ እናበላዋለን» የሚለው ደመወዝ አይደለም። ደመወዝ በመሠረቱ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ በስምምነት በዓይነት ቢከፈል እንኳ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ መብለጥ አይችልም። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ልምምዱ ረመዳን ላይ ወይም ፍልሰታ ላይ ከወደቀ የሚጾመው ልጅ «ደመወዙ» ቀረ ማለት ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 6:30 ቢሆን ለድሬ ይስማማል፤ የከሰዓቱ ሙቀት ሳይበረታ ልጁ ቤቱ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ የጎርፍ ወቅት መሆኑም በውሉ ይታሰብ። የ1998ቱን የጎርፍ ክረምት የሚያስታውስ የድሬ ሰው ደቻቱ ወንዝ በሞላበት ቀን ተማሪ ተሻግሮ እንዲመጣ አያስገድድም፤ የዚያ ቀን ቀሪ እንደማይቆጠር አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።

ልምምዱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በአንድ ቦታ እንየው፤ የሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት። መደርደሪያው ላይ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ቢን ካርድ የሚባል የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዋ አትጽፍም፤ ትቆጥርና ካርዱ ላይ ካለው ቀሪ ጋር ታመሳክራለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ካርድ ትሞላለች፣ ተቆጣጣሪዋ ይፈርማል። ከአራተኛው ጀምሮ የገባውን ዕቃ ከአቅራቢው ደረሰኝ ጋር ታስተያያለች። በሰባተኛው ሳምንት የወር መጨረሻ ቆጠራውን ራሷ ትመራለች፣ በስምንተኛው ልዩነቱን አስታርቃ ታስረክባለች። በመንግሥት ግምጃ ቤት ቢሆን ኖሮ ገቢው በሞዴል 19 ቅጽ፣ ጥያቄው በሞዴል 20፣ ወጪው በሞዴል 22 ነበር፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

እዚህ የሚፈጠረው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ መለኪያ። ለስላሳ በሳጥን ይገባል፣ በጠርሙስ ይወጣል። 10 ሳጥን ገብቶ ካርዱ ላይ «10» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሳጥኑ 24 ጠርሙስ ስለሆነ 240 መሆን የነበረበት ቀሪ 230 ጎድሎ ይታያል፤ ማታ ወጪ ሲደረግ ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ልጅቷ ደንግጣ ቁጥሩን በማጥፊያ ቀለም ልትሸፍነው ትችላለች፤ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አይማረውም፤ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ቆሞ ሲያሳየው ነው የሚገባው። ለዚህ በቀን ግማሽ ሰዓት ለማስተማር ብቻ ይመደብ፤ በ40 የሥራ ቀን 20 ሰዓት ነው። አንድ ተቆጣጣሪም ከሁለት ተማሪ በላይ አይያዝ።

ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ልጁ ትንሽ ሲለምድ የቀረ ሠራተኛ ቦታ ይሸፍናል፤ «ለዛሬ ብቻ ካሸር ላይ ተቀመጥ» ይባላል፣ ዛሬው ወር ይሆናል። ገንዘብ ያለ ርክክብ ሰነድ ለተማሪ አይሰጥም። ሒሳብ ቢጎድል ወይም ዕቃ ቢሰበር አሠሪው በራሱ ፈቃድ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል።

በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት «መልካም ጠባይ ነበረው» የሚል የምስጋና ደብዳቤ መሆን የለበትም። ከምን ቀን እስከ ምን ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ምን እንደሠራ ይጻፍበት። ይህ ወረቀት ግን የሁለት ወር ልምምድን የሁለት ዓመት ልምድ አያደርገውም፤ ብዙ ቀጣሪዎች ከምረቃ በፊት የተሠራን ሥራ አይቆጥሩም፣ ለልጁም ይህን አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። የሚጠቅመው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። «ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ «የ140 ዕቃዎችን ቢን ካርድ ይዤ የወር መጨረሻ ቆጠራ አድርጌያለሁ፣ ልዩነቱንም ያስታረቅሁት በዚህ መንገድ ነው» የሚል ጥቂት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ደብዳቤውን ሲያዘጋጅ ተማሪዋ የያዘቻቸውን ካርዶች ቁጥር ከመደርደሪያው ቆጥሮ ይጻፍላት።