በወሎ ሬዚደንት ሐኪም የሚሠለጥነው እንዴት ነው?

ደሴ ላይ ሰው ያስታመመ ሁሉ ነጭ ጋውን የለበሰውን በሙሉ «ዶክተር» ብሎ ይጠራል። አልጋው ዙሪያ ግን የቆሙት ሰዎች አንድ አይደሉም። ማስታወሻ ይዛ የምትከተለው ገና የሕክምና ተማሪ ናት። ደም ቀድቶ ወደ ላብራቶሪ የሚሮጠው ኢንተርን ነው። ጥያቄ የሚጠይቁት ትልቁ ሐኪም ሲኒየሩ ናቸው። ካርዱን ይዞ የበሽተኛውን ነገር ከላይ እስከ ታች የሚያስረዳው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣው ደግሞ ሬዚደንት ነው።

ሬዚደንት ተማሪም ነው፣ ሐኪምም ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ተምሮ፣ የመጨረሻውን ዓመት በኢንተርንነት አሳልፎ፣ ጠቅላላ ሐኪም ሆኗል። ብዙዎቹም ወረዳ ወርደው ሠርተዋል። አሁን የተመለሰው ስፔሻሊስት ለመሆን ነው። የመግቢያው ፈተና አገር አቀፍ ነው፤ በጤና ሚኒስቴር በኩል ይሰጣል። ሐኪሙ የሚፈልገውን የሙያ ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፣ በውጤቱ ይመደባል። ሥልጠናው እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። የሕፃናትና የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ነው፤ የማህፀንና ጽንስ 4፤ የነርቭ ቀዶ ሕክምና 5።

ይህ ሥልጠና በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የሚያወጣው የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ደግሞ ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሬዚደንቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ነገሩ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ለወሎ ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር ለማስረዳት አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ሪፈር፣ በሽተኛን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚልከው ወረቀት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ በሬውን ይሸጣል፣ ዘመድ ይፈልጋል፣ ወረፋ ይጠብቃል። መንገድ ላይ የቀረም አለ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም ነው። ዋናው ግቢ ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ሐኪሞችን የሚያስተምረው በዋናነት በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የከተማው ሰው ዛሬም በአጭሩ «ሪፈራል» ይለዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። ሆስፒታሉ በክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ነው፤ ኮሌጁ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሬዚደንቱ በሁለት ቤት መካከል ያለ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። መድኃኒቱና አልጋው ከአንዱ ነው፣ ትምህርቱና ፈተናው ከሌላው። ሁለቱ ተግባብተው ሲሠሩ ሥልጠናው ያምራል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ከፍተኛ ማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲኖረው ከሕዝብ ገንዘብ ሲሰባሰብ የቆየውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሬዚደንት ቀን የሚጀምረው በሞርኒንግ ነው። ሞርኒንግ ማለት ጠዋት ሁሉም ሐኪም ተሰብስቦ የሌሊቱን የሚሰማበት ስብሰባ ነው። ዲዩቲ፣ ማለትም የሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረው ሬዚደንት ቆሞ ያቀርባል። «የ28 ዓመት እናት፣ አምስተኛ ወሊድ፣ ከደላንታ የመጣች፣ ምጥ ከጀመራት ሁለት ቀን።» ከዚያ ጥያቄው ይወርዳል። ስትገባ የደም ግፊቷ ስንት ነበር? የጽንሱን የልብ ምት መቼ አዳመጥክ? በስንት ሰዓት ለቀዶ ሕክምና ወሰንክ? ከውሳኔው እስከ ቢላዋው ስንት ደቂቃ ሄደ? ያ ጊዜ የት ጠፋ? አቀራረቡን ያየ ሰው ልጁን የሚያሳፍሩት ሊመስለው ይችላል። በደንብ የሚመራ ሞርኒንግ ግን ማሳፈሪያ አይደለም። የሚፈለገው ጊዜው የጠፋበት ቦታ ነው። ደም ባንክ ነው? ማደንዘዣ ሰጪው ነው? ወይስ ሬዚደንቱ ሲኒየሩን ለመቀስቀስ አፍሮ ነው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሬዚደንቶቹ ያለው ቁርጠኝነት የሚለካው በሕንጻ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል? አንስቶስ ይመጣል ወይ? መጥቶ ቢላዋውን ይቀማል ወይስ ከጎኑ ቆሞ «ቀጥል፣ አለሁ» ይላል?

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በደጋው ወሎ የአንጀት መጠምዘዝ የታወቀ በሽታ ነው። የታችኛው ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ይዞርና ይታነቃል። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ዓይነ ምድርም አየርም እምቢ ይላል። ራጅ ሲነሳ የተነፋው አንጀት ልክ የቡና ፍሬ ይመስላል። የዓለም ሐኪሞች ሁሉ ምልክቱን የሚጠሩት በቡና ፍሬ ነው፤ ለወሎ ልጅ ይህን ማስታወስ አይከብደውም። አንጀቱ ገና ካልሞተ በታች በኩል ቱቦ ገብቶ አየሩና ፈሳሹ ይወጣል። ሆዱ በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል፤ በሽተኛው እፎይ ይላል። አንጀቱ ጠቁሮ ከሆነ ግን ቱቦ ማስገባት ጉዳት ነው፤ ሆድ ተከፍቶ የሞተው ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት።

አሁን አንደኛ ዓመት ሬዚደንቱን አስቡት። አር ዋን ይሉታል። ከፊቱ ከአቀስታ አካባቢ የመጡ የ60 ዓመት አባት ተኝተዋል። ሆዳቸውን ሲነካው ያማቸዋል፣ ግን ምን ያህል? የልብ ምታቸው ፈጥኗል። ቱቦ ወይስ ቢላዋ? መጽሐፉ ሁለቱንም ጽፏል፤ የእኚህን አባት ሆድ ግን አልጻፈም። ሲኒየሩ ይመጣሉ። በራሳቸው ከመንካታቸው በፊት «አንተ ምን አገኘህ?» ይሉታል። ከዚያ እጃቸውን ከእጁ አጠገብ ያሳርፋሉ። «እዚህ ጋ ጫን አድርግ፤ ድንገት ልቀቅ። ፊታቸውን እየው።» ፊታቸው ይጨማደዳል። ውሳኔው ታወቀ፤ ቢላዋ ነው። ያ ልጅ ያንን ፊት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። በዚህ መንገድ የተማረው ነገር በስላይድ አይገኝም።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ነው። ወሎ በ1965ቱም በ1977ቱም ረሃብ የተጎዳ አገር ነው፤ ዛሬም ዝናብ ሲቀር ሰውነታቸው ያለቀ ሕፃናት ይመጣሉ። ጀማሪ ሐኪም የከሳ ልጅ ሲያይ ልቡ ይቸኩላል፤ ቶሎ ግሉኮስ፣ ቶሎ ብዙ ወተት መስጠት ያምረዋል። የሚማረው ግን ተቃራኒውን ነው። በጣም የተጎዳ ልጅ ልቡም ደክሟል፤ ፈሳሽ በብዛት ቢገባበት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ይሰጠዋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው 75 ካሎሪ ብቻ ነው። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በልኩ። እብጠቱ ሲቀንስና ልጁ ራሱ ጽዋውን ሲጎትት ወደ ኤፍ 100 ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የለውዝ ምግብ ይሸጋገራል። ሬዚደንቱ እዚህ የሚማረው ትዕግሥት ነው፤ እናቲቱን ማስረዳትም ጭምር። «ልጄ ተርቦ ለምን ትንሽ ትሰጡታላችሁ?» ትላለች። እውነቷን ነው። መልሱን በእሷ ቋንቋ መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው።

ቋንቋ ካልኩ አይቀር፣ የደሴ ሆስፒታል በሽተኛ ከብዙ ቦታ ይመጣል። ከከሚሴ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ በባቲ በኩል አፋሩ፣ ከላይ ከመርሳና ከወልድያ፣ ከወግዲና ከመካነ ሰላም። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ መኪና፣ ከቆላው ወባ፣ ከደጋው ቁንጭር። ቁንጭርን የመሰለ የቆዳ በሽታ ለማየት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና የቆየ ስም ያለው ቤት ነው። አዲስ አበባ ብቻ የሠለጠነ ሐኪም እነዚህን ሲያይ በአብዛኛው ዘግይተውና ተወሳስበው ነው። እዚህ የሠለጠነው ገና ከመንገድ ሲገቡ ያያቸዋል። ቅሬ የሚባለው የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧትን እናት ሲቀበል፣ ለምን ዘገየች ብሎ አይቆጣም። መንገዱን ያውቀዋል።

ሌላም የሚማረው አለ። የወሎ ሰው ሲታመምም ሐኪሙን ያጽናናል። ሬዚደንቱ መርፌው ሦስቴ አልገባ ብሎት ሲያልበው አሮጊቷ ራሳቸው «አብሽር ልጄ» ይሉታል። ይህን ደግነት የሚሸከም ትከሻ ያስፈልጋል፤ ደክሞ መቆጣት ቀላል ነውና። ዲዩቲ ያደረ ሬዚደንት በማግስቱም ራውንድ ይወጣል፣ በሽተኞቹን አልጋ በአልጋ ዞሮ ያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ሰዓት በላይ ሳይተኛ ይሠራል። ለሬዚደንት እንቅልፍና ምግብ ማሰብ ቅንጦት አይመስለኝም። የደከመ እጅ ስፌት ያበላሻል። ንጹሕ የዲዩቲ ክፍል፣ ሌሊት የሚገኝ ትኩስ ምግብ፣ በወቅቱ የሚከፈል የትርፍ ሰዓት ገንዘብ የሥልጠናው አካል ናቸው።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ መሣሪያዎቹ ተወሰዱ፣ ተሰባበሩ። ትምህርት ቆመ። ከተማው ሲረጋጋ ሐኪሞቹ የተመለሱት ባዶ ወደሆነ ቤት ነበር። ማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲህ ሲጎዳ ኪሳራው ድርብ ነው። በሽተኛው የዛሬ ሕክምናውን ያጣል፤ ወሎ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚያስፈልገውን ስፔሻሊስት ያጣል። ማደንዘዣ ማሽን ይገዛል፤ ሬዚደንቱ ሊያያቸው ሲገባ ያላያቸው በሽተኞች ግን አይገዙም።

ሥልጠናው በፈተና ይዘጋል። ሬዚደንቱ በየዓመቱ የሠራቸውን ቀዶ ሕክምናዎችና ያያቸውን በሽተኞች በሎግ ቡክ ይመዘግባል፤ የምርምር ጽሑፍ ያቀርባል። በመጨረሻው ፈተና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ፈታኝ ይቀመጣል። በጽሑፍም፣ በበሽተኛ አልጋ አጠገብም ይፈተናል። የአልጋው ይከብዳል። የማያውቀውን በሽተኛ ይሰጡታል፤ ታሪኩን ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ያገኘውን ለፈታኞቹ ያስረዳል።

ካለፈ በኋላ ወደ ስፖንሰሩ ይመለሳል። አብዛኛው ሬዚደንት በሥልጠናው ወቅት ደመወዙን የሚከፍለው ክልል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት አለው፤ በውሉ መሠረት ለዚያ ቤት ማገልገል ግዴታው ነው። አንዳንዱ አስተማሪ ሆኖ እዚያው ደሴ ይቀራል፤ ትናንት የሚጠየቀው ዛሬ ሞርኒንግ ላይ ጠያቂ ይሆናል። ሌላው ወረዳ ሆስፒታል ይመደባል። እዚያ ሲደርስ ብቸኛው ስፔሻሊስት እሱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሌሊት ሆዱ የተነፋ ሰው ሲመጣለት ስልኩን አውጥቶ ደሴ ይደውላል። ሲኒየሩ ያነሳሉ። «አንተ ምን አገኘህ?» ይሉታል።