ፖድካስት ምንድን ነው? ጊዜ ሊሰጡት የሚገባውስ የትኛው ነው?

አክስቴ የምትኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ባለፈው ቅዳሜ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ፣ "ይሄ ጆሮህ ላይ ሰክተህ የምትውለው፣ ፖድካስት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። የቻልኩትን ያህል አስረዳኋት። ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ቆየችና "የተቀመጠ ሬዲዮ ነው በላ!" አለች። ከዚህ ያጠረ ፍቺ እስካሁን አላገኘሁም።

ሬዲዮ ሰዓት አለው። ቅዳሜ ከሰዓት የተላለፈው ዝግጅት ገበያ የወጣና ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያልፈዋል። ፖድካስት ግን ተቀድቶ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ የድምፅ ዝግጅት ነው። ሰሚው በተመቸው ሰዓት ስልኩ ላይ አውርዶ ይሰማዋል፤ በር ሲንኳኳ ያቆመዋል፤ ያልገባውን መልሶ ይሰማዋል፤ ማታ ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞም ተከታታይ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲስ ክፍል ይወጣለታል፤ ያ አዲስ ክፍል ሰሚው ሄዶ ሳይፈልገው ራሱ ስልኩ ድረስ ይመጣል።

ይህ ራሱ መምጣቱ ነው ፖድካስትን እንዲሁ ከተቀዳ ድምፅ የሚለየው። አዘጋጁ ድምፁን ኢንተርኔት ላይ ይጭንና ከጎኑ "ፊድ" የሚባል አነስተኛ የጽሑፍ ዝርዝር ያኖራል፤ የክፍሉ ርዕስ፣ የወጣበት ቀን፣ ድምፁ የሚገኝበት አድራሻ ይሰፍርበታል። ስልካችን ላይ ያለው አፕ ያንን ዝርዝር በየጊዜው እየሄደ ያያል፤ አዲስ መስመር ሲያገኝ ድምፁን ያወርዳል ወይም አዲስ መውጣቱን ይነግረናል። ደንበኛ የሆንነው ባለሱቅ ጥሩ ጤፍ ሲገባለት "ላንተ አስቀምጫለሁ" ብሎ እንደሚደውለው ማለት ነው። ዝርዝሩ አርኤስኤስ በሚባል፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ አጻጻፍ ስለሚዘጋጅ የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። አንዱ ፖድካስት አብዛኛውን ጊዜ በአፕል ፖድካስትም፣ በስፖቲፋይም፣ በነፃው አንቴናፖድም የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስሙ የመጣው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። አፕል በ2001 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፋቸው) አይፖድ የተባለችውን የሙዚቃ ማጫወቻ አወጣ። በዚያው ዘመን ዴቭ ዋይነር የተባለው የሶፍትዌር ሰው የድምፅ ፋይል ከአርኤስኤስ ዝርዝር ጋር ተያይዞ እንዲሄድ አደረገ፤ አዳም ከሪ የተባለ የቴሌቪዥን አቅራቢም ድምፁ በቀጥታ አይፖድ ውስጥ እንዲገባ አብሮት ሠራ። በፌብሩዋሪ 2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ስለዚህ አዲስ ነገር ሲጽፍ ምን ብለን እንጥራው ብሎ ከሰነዘራቸው ስሞች አንዱ ይህ ነበር፤ "አይፖድ" እና "ብሮድካስት" (ስርጭት) ተጋብተው። በ2005 አፕል ፖድካስትን አይቱንስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስገባው ነገሩ ከጥቂት አዋቂዎች እጅ ወጣ። አይፖድ በ2022 መሸጡ አበቃ፤ ስሙ ግን ከእሷ ተርፎ ደሴ ድረስ መጣ።

እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ትርጉሙ ትንሽ ተንሸራተተ። በአማርኛ "ፖድካስት" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ሁለት ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ ማይክ፣ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ የሁለት ሰዓት ቃለ ምልልስ ነው። በስሙ አልጣላም፤ ቋንቋ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው። ለኪስ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት ጥራት የተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ128 ቢሆን 58 ገደማ። ያንኑ ሰዓት በቪዲዮ ያየ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት ያወጣል፤ የሚያየውም የሁለት ሰዎችን አገጭ ነው። በዚያ ላይ ነፃው ዩቲዩብ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ስለሚቋረጥ ስልክ ኪስ ከትቶ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የወደዳችሁትን የዩቲዩብ ዝግጅት ስም መጀመሪያ በድምፅ አፖች ላይ ፈልጉት፤ ብዙዎቹ እዚያም ያስቀምጡታል። ቴሌግራም ቻናል ካላቸው ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው፤ የቴሌግራም ድምፅ ስክሪን ጠፍቶም ይሄዳል፣ ካቆሙበትም ይቀጥላል።

አውርዶ የመያዝን ዋጋ እኛ ወሎዎች በደንብ እናውቀዋለን። በእኛው አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ስልኬ ላይ የቀሩኝ ቀደም ብዬ ያወረድኳቸው 40 የሚሆኑ ክፍሎች ነበሩ። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ጓደኞቼም ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ስልክ በሚያሻግረው በዜንደር እየተቀባበሉ ወሰዷቸው፤ ልክ ድሮ ካሴት ከቤት ቤት ይዞር እንደነበረው።

ካሴቱን ካነሳሁ አይቀር፣ መስማት ለወሎ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የሼህ ጦልሃ ጀዕፈር መንዙማ በዓረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል በአጀሚ የተጻፈ ቢሆንም ወደ ሕዝቡ ልብ የገባው በጆሮ ነው። ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ አንድ ሰው ረጅም ሰዓት ሲናገር ሳያቋርጡ መስማትን፣ በቦታው "አሚን" ማለትን ያውቃል። በክርስቲያኑም ቤት ያው ነው፤ ማኅበርና ጽዋ ያለ ጨዋታ አይጠናቀቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ የሰማው ትውልድ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ገጸ ባሕርያቱን የሚያስታውሳቸው በእሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ "ፖድካስት የከተማ ወጣት ነገር ነው" ሲባል አይዋጥልኝም። የሰው ድምፅ እየሰማ እጁን የሚያሠራ ሰው ሁሉ የፖድካስት ሰው ነው።

ታዲያ መስማቱ ያዋጣል ወይ? እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፤ እጅና እግር ሥራ ይዘው አእምሮ ግን ባዶ በሚቀመጥበት ሰዓት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፍ ባነብ ያዞረኛል። ያ ጊዜ ለዓመታት ዝም ብሎ የሚሄድ ጊዜ ነበር፤ አሁን በሳምንት አምስትና ስድስት ክፍል እጨርስበታለሁ። ልብስ የሚተኩስ፣ ጥጥ የምትፈትል፣ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የሚጠብቅ፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ሰዓት አላቸው። ለፈተና የሚያጠና ወይም ሒሳብ የሚሠራ ሰው ግን አይጀምረው፤ ንግግር እንደ ሙዚቃ ከበስተኋላ አይቀመጥም፣ ወይ እሱን ወይ ሥራውን ይወስዳል።

የማያዋጣበትም አለ። አንድ ሰሞን ዝምታን የምሸሽበት አድርጌው ነበር። ቤት ስገባም፣ ስበላም፣ ስተኛም። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ሳልሰማት ቀርቼ፣ ሦስተኛውን መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ጆሮዬ ላይ ምንም አላደርግም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ የሚስማማንን እንዴት እናገኛለን? ሰዎች የሚሳሳቱት ታዋቂ ከሆነው መጀመራቸው ላይ ይመስለኛል። "ይሄን ሚሊዮን ሰው ያየዋል" ተብሎ የተላከላቸውን ይከፍታሉ፣ ይሰለቻሉ፣ "ፖድካስት ለእኔ አይሆንም" ይላሉ። መነሻው ግን ቀድሞውንም ስለምን ማውራት እንደምንወድ ማወቅ ነው። ቡና ላይ ጨዋታው ወደ የት ሲሄድ ነው እኛ ጠጋ የምንለው? ድሮ ታሪክ? ሕመምና መድኃኒት? ንግድ? ኳስ? የሰው ሕይወት? ያንን ይዞ መፈለግ።

በአማርኛ ለመጀመር፣ ዜናና ትንታኔ ለሚወድ ዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅቶቹን በፖድካስት መልክ ያስቀምጣል፤ የአውስትራሊያው ኤስቢኤስ አማርኛም እንዲሁ፣ በተለይ ስደት ላይ ዘመድ ላለው ሰው ኑሯቸውን ቀረብ ብሎ ያሳያል። የሰው የሕይወት ጉዞ በረጅም ጨዋታ መስማት የሚወድ ደጃፍ ፖድካስትን ይሞክር። እንግሊዝኛ ለሚያጠና ተማሪ ደግሞ የቢቢሲው "ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ" ስሙ እንደሚለው 6 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ከሰፈር እስከ ትምህርት ቤት የእግር መንገድ ውስጥ ያልቃል።

አዲስ ፖድካስት ስሞክር የምከተለው አንድ ልማድ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ክፍል አልጀምርም። የመጀመሪያ ክፍሎች አዘጋጁ ገና ሲፈራ የተቀዱ ናቸው። ዝርዝሩን እወርድና እኔ በደንብ በማውቀው ጉዳይ ላይ የተሠራውን ክፍል እመርጣለሁ። ስለ ወሎ፣ ወይም ስለ ሙያዬ የተወራ ካለ እሱን። ምክንያቱም በማላውቀው ጉዳይ ላይ ማንም አዋቂ ሊመስለኝ ይችላል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያወራ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ምን እንዳለ፣ ስለ ባቲ ሲያወራ የሰኞውን ገበያ ያውቀው እንደሆነ፣ የአምባሰልን ቅኝት ከትዝታ ለይቶ ይጠራ እንደሆነ እሰማለሁ። እኔ በማውቀው ከተጠነቀቀ፣ በማላውቀውም የመጠንቀቁ ዕድል ሰፊ ነው። እኔ በማውቀው ከዘባረቀ ግን ስለ ጠፈር የነገረኝን እንዴት ልመነው? ገበሬው ስለ እርሻ በተወራው፣ ነርሷ ስለ ክትባት በተወራው፣ ልብስ ሰፊው ስለ ጨርቅ በተወራው ይፈትኑት።

ሁለተኛው መለኪያዬ ደግሞ ይኸው ነው፦ የሰማሁትን በማግስቱ ለሰው አወራሁት ወይ? ሁለት ሰዓት ሰምቼ ለጓደኛዬ የምነግረው አንድ ነገር ካጣሁ፣ ድምፁ ደስ ስላለኝ ብቻ ነው የቆየሁት። ሦስት ክፍል እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱም ምንም ካላስቀሩብኝ ከስልኬ አወጣዋለሁ። መጽሐፍ ሲጀመር መጨረስ አለበት የሚል አስተዳደግ ያለን ሰዎች ይህ ይከብደናል። ግን ለማንም ዕዳ የለብንም።

አቅራቢውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንግዳውን እያቋረጠ የራሱን የሚያወራ አቅራቢ ጋር ዕድሜዬን አላጠፋም። ጥሩ ጠያቂ ጥሩ ሰሚ ነው፤ ዝም ሲል እንኳ ይታወቅበታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን አለ። ድምፅ ያቀራርባል። አንድን ሰው በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት፣ ጆሮ ውስጥ፣ በለሰለሰ አነጋገር የሰማ ሰው ሳያውቀው እንደ ዘመዱ ያምነዋል። የሰፈራችን አንዲት እናት የደም ግፊት ኪኒናቸውን የተዉት አንድ እንግዳ "በዕፅዋት ብቻ ይድናል" ሲል ሰምተው ነው፤ ልጃቸው ደርሳ ወደ ሐኪም እስክትመልሳቸው ድረስ ግፊታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። ማይክ ፊት መቀመጥ ሐኪም አያደርግም። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሃይማኖት የሰሙትን ሌላ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቁ ሥራ ላይ ማዋል አደጋ ነው። በአጭር ጊዜ ሀብታም እንሁን የሚሉትን ዝግጅቶች በተመለከተ ልቤ ይበልጥ ይጠራጠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ሥልጠና አላቸው።

አክስቴ ስልክ ላይ አንቴናፖድ ጫንኩላት። የልጅ ልጆቿ ፎቶ ስልኩን ስለሞላው፣ የተሰማ ክፍል ራሱ እንዲጠፋና አዲሱ በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ አስተካከልኩት። መጀመሪያ የመረጠችው ስለ ስኳር ሕመም የተሠራ ነው፤ እህቷ ስላለባት። እኔ እንደ ልማዴ ፍጥነቱን አንድ ተኩል አድርጌ ከፈትኩላት።

"ዝግ አድርገው ልጄ፣" አለች፣ "ሰው እየሮጠ ሲያወራ ምኑ ይያዛል?"

ወደ አንድ መለስኩት። ጀበናውን ጣደች፣ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አቆመችው፣ በረካው እስኪቀዳ ድረስም ማንም እንዲያወራ አልፈቀደችም።